ሩሃማ የሰረዘችው ቃል

የሩሃማን ሬሳ ዓርብ ጠዋት ያገኘችው የላቦራቶሪ ባልደረባዋ ዋፋ ናት። ሟች በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ፣ ክዳናቸው በተነሣ የደረቅ በረዶ ሳጥኖች መካከል ወድቃ ነበር። ደረቅ በረዶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን ሰውን አየር ያሳጣል፤ እዚያ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሐሙስ ከሰዓት ከሩሃማ ኮምፒውተር ለአለቃዋ ለፕሮፌሰር አምነን የተላከ የስንብት መልእክት ስለነበር፣ የሃይፋ ፖሊስ ራሷን አጥፍታለች ብሎ ሊዘጋው ዳር ዳር ይል ጀመር።

ኢንባር አላለቀሰችም። ከሩሃማ ጋር እንደ ትዳር ጓደኛ ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ኖራለች። ቀብር አስፈጻሚው «ምኗ ነሽ?» ሲላት እንኳ የቤታቸውን አድራሻ ብቻ ነገረችው። ከዚያ ክሊኒኩ ደወለ። ከሩሃማ እንቁላልና ከለጋሽ ዘር የተሠራው የመጨረሻው ፅንስ ማክሰኞ በኢንባር ማህፀን ሊቀመጥ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ሟች በመልእክቷ ልጅ አልፈልግም ካለች ግን ፈቃዷን አንሥታለችና ፅንሱ ይወገዳል አሏት። ሁለት ዓመት የጤና ሚኒስቴርን ኮሚቴ ደጅ ጠንተው ያገኙት ፈቃድ ነው። «አንደኛችሁ በራሷ እንቁላል ማርገዝ ከቻለች የሌላዋ ለምን አስፈለገ?» እየተባሉ ነው ያገኙት። ኢንባር «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ዚቫ ኢንባርን፣ ዋፋንና ፕሮፌሰሩን ወደ ላቦራቶሪው ጠራች። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ከኪሷ የሱፍ ፍሬ የማይጠፋ ሴት ናት። በሩን ክፍት ትታ አንድ በአንድ ስታናግራቸው ኢንባር ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

«እንቁላሏ እንዲበዛ በየቀኑ መርፌ የምወጋት እኔ ነበርኩ» አለች ዋፋ። «በግ ስትቀድ የምትውል ሴት መርፌ ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል?»

«የበጉ ሥራ ምንድን ነው?»

«ከላም ልብ ሽፋን የልብ ቫልቭ ሠርተን በበጎች ልብ ውስጥ እንሞክረዋለን። ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ካልሲየም ይይዘውና ይደርቃል። እንዳይደርቅ አስቀድመን በአልኮል ቅባቱን እናጥባለን። ፕሮፌሰሩ መላውን አግኝተናል ይላል። ሩሃማ ደግሞ ሐሙስ ከበጎቹ የወጡትን ቫልቮች ላሳየው ነው ብላኝ ነበር።»

ቀጥሎ ፕሮፌሰሩ ገባ።

«የሩሃማን ሕክምና ያውቁ ነበር?» አለችው ዚቫ።

«የዕረፍት ፈቃዷን የፈረምኩት እኔ አይደለሁ? ሆዷ ተነፍቶ ስትመጣ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። የአምስት ልጆች አባት ነኝ፤ በዚህ ዓይኔ አይስትም።»

ዚቫ ፍሬውን እየፈለቀቀች ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ሦስቱንም ሰብስባ ከቀዝቃዛው ክፍል ያወጣችውን፣ ከበግ የወጣ ቫልቭ ያለበትን ብልቃጥ ከፈተች። የቫልቩን ቅጠል መሳይ ክዳን በወረንጦ ስትጫነው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ።

«በእርስዎ ሪፖርት ከበጎቹ የወጡት ስድስቱም ቫልቮች ለስላሳ ናቸው። በሚቀጥለው ወር እንዲህ ያሉ ቫልቮች ሕጻናት ልብ ውስጥ ሊገቡ ነበር።»

«ይህ የሳይንስ ክርክር ነው» አለ ፕሮፌሰሩ። «ልጅቷ ራሷን እንዳጠፋች በራሷ ቃል ጽፋለች።»

«አንብቢልን፣ ልጄ።» ዚቫ ወረቀቱን ለኢንባር ሰጠቻት። ኢንባር የመልእክቱን ቃል እስካሁን አላየችም ነበር። የማያገባትን ማስታወቂያ የምታነብ ይመስል አነበበችው።

«በሆዴ የያዝኩት ፅንስ ወረደ። ከእንግዲህ ልጅ አልፈልግም፤ መኖርም አልፈልግም። ይቅር በለኝ።»

«በሆዴ?» አለች ዋፋ።

«በሆዴ» አለች ዚቫ። «ሩሃማ አርግዛ አታውቅም። ሆዷን የነፋው መርፌው ነው። እንቁላሉ የሷ፣ ማህፀኑ የኢንባር። ይህን ኢንባር ታውቃለች። መርፌውን የወጋችው ዋፋም ታውቃለች። ሊዋሹ ቢነሡ እንኳ እዚህ ላይ አይሳሳቱም። የተወጋችው ናት ያረገዘችው ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቅድም አፉን ሞልቶ ነገረኝ። ሐሙስ ብልቃጦቹን ልታወጣ ስትገባ፣ ፕሮፌሰር፣ ሳጥኖቹን አስቀድመው ከፍተዋቸው ነበር። በሩን ከውጭ ቀረቀሩ። ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጠው ለራስዎ ጻፉ። ሁሉም ካበቃ በኋላ መቀርቀሪያውን መልሰው ከፈቱ።»

ፕሮፌሰሩ የተሰነጠቀውን ቅጠል በጣቱ ነካው።

«አንድ ዓመት ብትታገሠኝ አስተካክለው ነበር» አለ።

ፖሊሶች ሲወስዱት ኢንባር ንዴትም እፎይታም አልተሰማትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እንግዲያው አልፈልግም ያለችው እሷ አይደለችም?»

«አይደለችም። ለክሊኒኩ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ ከሁለት ወር በፊት የተሞላውን ቅጽ አምጥታ ከኢንባር ፊት አስቀመጠች። ብሞትም ፈቃዴ የጸና ነው ከሚለው ሥር የሩሃማ ፊርማ አለ። ከላይ «የባል ስም» ከሚለው ላይ «ባል» የሚለውን ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰርዛ «እኔ» ብላ ጽፋበታለች። ኢንባር ጣቷን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ሩሃማ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ነርሷም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«እንግባ?» አለቻት በመጨረሻ።

«እንግባ።»