በአፉ የተደፋው ማንኪያ

የመጨረሻዋን ቅዳሜ ጠዋት ታደለና እኔ ቡና የጠጣነው ቆመን ነው፣ እሱ ኮቱን ለብሶ በሩ አጠገብ፣ እኔ የፔርሙዙን ክዳን እንደያዝኩ፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ወጥ ቤቱ ገና ድንግዝግዝ ያለ ነው። ቀዳሁለት፣ ከጣሳው አንድ ማንኪያ ጨምሬ አማሰልኩና ሰጠሁት። እስከ አተላው ጠጣው። «እንዴት ነው?» አልኩት እንደ ልማዴ። «ምንም አልጎደለውም» አለኝ እንደ ልማዱ፣ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። የራሴን ስቀምሰው ጨው ነው። ስኳሩንም ጨውንም የማስቀምጠው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው፣ በጨለማው ተሳስቻለሁ።

ማንም ቤት የሚደርስ ስህተት ነው። ግን ባሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ቀማሽ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፣ አንዴ ፉት ብሎ «ይሄ ሲደርቅ ዝናብ መትቶታል»፣ «ይሄ ከበርበሬ ጋር ተጭኖ ነው የመጣው» የሚል ምላስ ነበረው፣ ያ ምላስ ሙሉ ማንኪያ ጨው አለፈው። የሞተ ምላስ ይዞ እንደሚዞር ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ደብቆኛል፣ እኔም ማወቄን ልደብቀው ወሰንኩ። ረቡዕ ዕለት መገናኛ ታክሲ ሲጠብቅ ወደቀ፣ ልቡ ነው አሉ። ሳንነጋገርበት ቀረ።

አሁን ልነግራችሁ ወደተነሳሁት ልምጣ። እኔ የሙት ድምፅ ምናምን የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እከሌ ከተቀበረ በኋላ ታየ» ሲባባል «ያየው ሰው መነጽር ይግዛ» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ «የሺ ልቧ ድንጋይ ነው» ይሉኛል፣ ይበሉ። ደግሞም የሆነው በውድቅት አይደለም፣ ቅዳሜ ቀን በስምንት ሰዓት፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው።

ከየካ ሚካኤል ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ የእንጦጦ ነፋስ የማይደርስበት አንድ ሸለቆ አለ፣ እዚያ አቶ ገመቹ የሚባሉ ሰው ከነቤተሰባቸው ቡና ያለማሉ። እንጦጦ ሥር ቡና! የሰማ ሁሉ ይስቃል፣ ውርጭ የሚፈጀው ተክል ነውና። እሳቸው ግን በኅዳር ብርድ እሳት እያጨሱበት፣ ችግኙን ገለባ እያለበሱ አሳደጉት፣ ልጃቸው ሌንሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመለስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ እየተቀበለች ታዞር ጀመር። ጉብኝቱ ከችግኙ ተነስቶ ቅምሻ ላይ ያበቃል፣ ቅምሻው የታደለ ነበር፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜውን በሠርግም አይለውጥም ነበር።

ቀማሽ ሲቀምስ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ማንኪያውን ከከንፈሩ ያስጠጋና ከነአየሩ በኃይል ይስበዋል፣ ድምፁ አቡጀዲ ሲቀደድ ነው። ታደለ ቤትም ሾርባ የሚጠጣው እንደዚያው ነበር፣ ልጃችን እጮኛዋን ያመጣች ቀን «አባዬ፣ በፈጠረህ፣ ዛሬ እንኳ አትቅደድ» ብላ ለምናዋለች። ከዚያ ማንኪያውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያለቀልቅና የብርጭቆውን አፍ ሁለቴ ይመታል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። በመጨረሻ የመረጠው ስኒ ላይ ማንኪያውን በአፉ ደፍቶ ያጋድመዋል። «ይሄ ነው» አይልም፣ ማንኪያው ይናገራል።

ያቺ የጨው ቅዳሜ ታዲያ አቶ ገመቹ ቡናውን ሊነቅሉት ቆርጠው የነበረባት ናት። ከተማው ሁሉ ፎቅ እየሠራ አጣና ተፈላጊ ሆኗል፣ ባሕር ዛፍ የተከለ አልከሰረም፣ እሳቸውንም የሚያኖራቸው ከቡናው በላይ ያለው ባሕር ዛፋቸው ነው። «ታደለ የሚለውን ልስማ» ብለው ጠበቁ። ታደለ ቀመሰ፣ ማንኪያውን የሸለቆው ቡና ላይ ደፋው፣ «እንዳትነቅለው» አለ። አልነቀሉትም።

ዓመት አለፍ ሲል፣ መጋቢት ላይ፣ ሌንሳ ደወለችልኝ። «እትዬ የሺ፣ አባባ የላይኛውን ባሕር ዛፍ እንዳለ ሊቆርጠው ነው፣ ቡና ሊተክልበት። ጋሼ ታደለ ያለውን ይዞ ነው። ቅዳሜ ከጎብኚዎቹ ጋር ይምጡልን፣ የጋሼን ወንበር አላነሳነውም።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አንድ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን ደን የሚቆርጠው በሞተ ምላስ ቃል ነው፣ ይህን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ልነግራቸው ወሰንኩ፣ የባሌን ስም ባበላሽም። የመቅመሻ ማንኪያውን ለሌንሳ ማስታወሻ ልሰጣት ብዬ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቋጠሮውን ያዙልኝ።

ጎብኚዎቹ ከእኔ ጋር ስምንት ነበርን። «ኦኬ፣ የምንለቅመው ቀዩን ብቻ ነው» አለች ሌንሳ ዛፎቹ መሃል ቆማ፣ ብርዱ ስለሚያዘገየው እዚያ ቡናው የሚቀላው መጋቢት ላይ ነው። «ቢጫውስ?» አለ ከረባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ፣ ከእጮኛው ጋር ነው የመጣው። «ቢጫው ገና አልበሰለም፣ እንዳንተ ሰነፍ ነው» አለችው፣ ሳቅን። በሳቁ መሃል ከኋላዬ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። የማን ልብስ ቅርንጫፍ ያዘው ብዬ ዞር አልኩ፣ ከኋላዬ ሰው የለም፣ መጨረሻ የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ ጉልበቴ አያስሮጠኝማ።

ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ ደረስን፣ አቶ ገመቹ ቡናውን እያገላበጡ ነው። ደግሞ ያው ድምፅ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ምናልባት ጆሮዬ አርጅቷል ልል ስል የባንኩ ሰው ዞር ዞር ብሎ «ሾርባ የሚጠጣው ማነው?» አለ። «ሆድህ ነው፣ ምሳ ሳትበላ ነው ያመጣኸኝ» አለችው እጮኛው። ስለዚህ ያበደችው የሺ ብቻ አይደለችም፣ ከረባት ያሰረ ሰው ሰምቷል።

«አቶ ገመቹ፣ ስለ ታደለ የምነግርዎት አለኝ» አልኩ ልቤ ሳይከዳኝ።

«ቅምሻው ይለፍና እንጫወታለን፣ የሺዬ። ወንበሩ ይጠብቅሻል» አሉኝ።

የቅምሻው ክፍል ጭቃ ቤት ነው፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ መሃሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ። ሌንሳ አራት ስኒ ደረደረች፣ ሦስቱ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቡና ነው፣ አንዱ የራሳቸው፣ የትኛው የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ከስኒው ሥር ተለጥፏል፣ ቀማሹ ሳያውቅ እንዲቀምስ ነው። የፈላውን ውሃ አራቱም ላይ ቀድታ እንደጨረሰች የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። «ቡናው!» ብለው አቶ ገመቹ ጮኹ፣ ሌንሳም ጎብኚዎቹም ላስቲክ ሊያለብሱ ተንጋግተው ወጡ፣ የባንኩ ሰው ከረባቱን በትከሻው ወርውሮ ሲሮጥ ታየኝ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አያቸዋለሁ፣ ጀርባዬ ለጠረጴዛው ነው።

ተቀደደ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከትከሻዬ ኋላ። አልዞርኩም፣ አንገቴ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ተቀደደ። ከዚያ ቅጭል፣ ቅጭል። ሦስተኛ ተቀደደ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ አራተኛውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ከዝናቡ በቀር ምንም የለም። ዞር አልኩ። ማንም የለም፣ በሩ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፣ እያየሁት ነበር፣ የገባ የለም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ማንኪያ በአፉ ተደፍቶ ተጋድሟል፣ ከጫፉ ቡና ይንጠባጠባል።

ሌላ ሰው ይጮኽ ይሆናል፣ እኔ ተናደድኩ። አንተ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ዛሬ ነው? ብዬ ሄድኩና ስኒውን አንስቼ ጠጣሁ። ጨው ነው። ያቺ ቅዳሜ ጠዋት የቀመስኩት ራሱ፣ ያው ልክ።

ሌንሳ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ገባች። «እንዴ እትዬ፣ ጀመሩት?»

«ጨው ጨምረሻል?»

«የምን ጨው?» አለችና ከዚያው ስኒ ቀመሰች። «የለውም እኮ።» ሥሩን ገልብጣ አሳየችኝ፣ የራሳቸው ነው፣ የሸለቆው። ከዚያ ማንኪያውን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ። «ይሄ የጋሼ ነው፣ እጀታው ላይ የጥርሱ ምልክት አለ። ከየት መጣ?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጨርቁ አለ፣ ሁለቱም ቋጠሮ እንደቋጠርኩት ነው፣ አልላላም፣ ሌንሳ በጥፍሯ ነው የፈታችው። ውስጡ ባዶ ነው።

ጎብኚዎቹ ከሄዱ በኋላ አቶ ገመቹን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጣሳውን፣ የጨውን፣ «ምንም አልጎደለውም» ያለኝን፣ ምላሱ ሞቶ ነበር ብዬ። እስክጨርስ ሰሙኝና ሳቁ። «ጨው? እኔ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፣ የአባቴም ቤት እንደዚያው ነበር። ታደለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ የጠጣው ምን መስሎሽ ነው? ስኳር የቡና ሌባ ነው ይል ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ከእጄ በስኳር ጠጣ፣ አንድ ቀን አልነገረኝም። እንግዲህ ያን ጠዋት ጨውን ሳያውቀው ቀርቶ ነው፣ አውቆት እኔን ላለማሳፈር ነው፣ ወይስ በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ እንደሚወደው አድርጌ ሰጥቼው ነው? ይህን የሚነግረኝ የለም። አቶ ገመቹ ማንኪያውን እያገላበጡ ቆዩና «ታዲያ ልትከል ወይስ ልተው?» አሉኝ፣ አሁን አይስቁም።

«ይትከሉ» አልኩ። 

እህቴ ዘነበች ጴንጤ ናት፣ ስነግራት ሁለት እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጫነች፣ «እሱ አይደለም የሺ፣ መልኩን የሰረቀ ክፉ መንፈስ ነው፣ ካጂው!» ጎረቤቴ ደግሞ ሰባት ቀን እንጦጦ ማርያም ጠበል ልውሰድሽ ትላለች። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ማንኪያውን ራስሽ አውጥተሽው ረስተሽ ነው፣ ሐዘን ያደርጋል» አለችኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ለእህቴ ያልኳት፣ ክፉ መንፈስ ቡና አይመርጥም። ለጎረቤቴ፣ የታመመ ሰው ይጠመቅ። ለልጄ፣ ቋጠሮው የእኔ ነው፣ የእጄን ቋጠሮ አውቃለሁ፣ ባዶ ጨርቅ ሁለቴ የሚቋጥር ሰው አላውቅም። ያላመነ አይመን፣ እንድታምኑኝ አልለምንም፣ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። ከቤቴ በረንዳ ሆኜ ሽቅብ ሳይ ተራራው ጎን ላይ ራሰ በራ ቦታ ይታየኛል፣ በእኔ ቃል ነው፣ ወይም በማንኪያው። ችግኙ ገና ጉልበት አይደርስም፣ ነፋስ የሚከልልለት ዛፍ የለም፣ ኅዳርም እየመጣ ነው። አንዳንድ ቀን ያን አራተኛውን ስኒ አስባለሁ፣ ለምን እንዳልቀመሰው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሸለቆው እወጣለሁ፣ ከጎብኚዎቹ ጋር እዞራለሁ፣ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አራቱንም እቀምሳለሁ። ስመለስ ማንኪያውን በነጩ ጨርቅ ሁለት ጊዜ እቋጥረዋለሁ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አልፈታውም።