የቢሪቦ እንባ ቀለም

በጭፈራ ልምምዱ መሐል ቢሪቦ ሲያለቅስ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። በታራዋ ደሴት ጭፈራው ልብ ድረስ ሲዘልቅ ጨፋሪው ያለቅሳል፤ ያላለቀሰ እጁን ብቻ ነው ያወዛወዘው ይባላል።

ሮቲያ ግን አልጮኸችም። ከምንጣፉ ዳር ተቀምጣ የታላቅ ወንድሟን የቢሪቦን ጉንጭ ታያለች። እንባው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር።

እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ቢሪቦ ለቲቢ የሚውጠው ቀይ ክኒን ሽንትንም፣ ላብንም፣ እንባንም ብርቱካንማ ያደርጋል። ሁለት ወር ሙሉ የሸሚዙን አንገትጌ ስትፈትግ ያ ቀለም አልለቅ ብሎ አስመርሯት ነበር። በዚህ ሳምንት ግን አንገትጌው ወዲያው ነጣ። ሳሙናው ጥሩ ነው ብላ ዝም አለች። በየማለዳው ክኒኑን ሲውጥ የምታየው፣ የመድኃኒት መከታተያ ካርዱ ላይ ምልክት የምታደርገው እሷ ናት። ካርዱን ደግሞ ዛሬ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ፣ ለነርሷ ማድረስ አለባት።

ልምምዱ እንዳለቀ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የዝናብ ውሃው ታንከር ጋ ያዘችው።

«አፍህን ክፈት።»

«ምን ሆነሻል?»

«ምላስህን አንሳ! ክኒኑን የት ነው የምትደብቀው?»

ቢሪቦ ሳቀ። «አስራ አራት ዓመት ሳይሞላሽ ፖሊስ ሆንሽ?»

«ሞልቶኛል። እንባህን አይቻለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ለነፃነት ቀን አስር ቀን ነው የቀረው። መሐል የምቆመው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ብርቱካን ላልቅስ? ‹ሳንባው የበሰበሰው› እያሉ እንዲሳለቁብኝ? ከበዓሉ በኋላ እቀጥላለሁ። ደግሞ ሳሉ ለቆኛል። ጤነኛ ነኝ።»

«ሲስተር ካቶኪታ ያሉትን ረሳኸው?»

«አቦ አታካብጂ!»

እሷ አልረሳችም። በመጀመሪያው ቀን ቢሪቦ «የኔ ደም እኮ ወታደር ነው፣ ብቻውን ይጨርሰዋል» ብሎ ሲፎክር ሲስተር ካቶኪታ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። «ወታደርማ አለህ» አሉት። «ጀርሙ ሲገባ ወታደሩ ሕዋስ ይውጠዋል። መግደል ካቃተው ደግሞ ራሱን በጸጥታ ያጠፋል፤ ጀርሙም አብሮት ይቀበራል። የቲቢ ጀርም ግን ተንኮለኛ ነው። ወታደሩን እንዳይሞት ያደርገዋል። ውስጡ ተደላድሎ እየበላ ይራባል። ሲበዛና ሲጠብበው ያን ጊዜ ያፈነዳዋል፣ ሳንባህ ውስጥ ይበተናል። እስከዚያ ድረስ አንተ ‹ድኛለሁ› ትላለህ።»

ሮቲያ «ወታደሩ ጠላት እንደደበቀ ያውቃል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ሲስተር ስቀው «ሕዋስ ምን ያውቃል፣ ልጄ» አሏት።

«ምልክቱን ብቻ አድርጊልኝ» አለ ቢሪቦ። «አስር ቀን። እህቴ አይደለሽ?»

ሮቲያ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ከታንከሩ እስከ ዘንባባው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ብትናገር ከጭፈራው ያወጡታል። ቤተ ዘመዱ በሙሉ ለዚያ ቀን ነው የሚኖረው፤ እናቷ ለወር አታናግራትም። ባትናገርስ? የታላቅ እህታቸው ሕፃን አራት ወሯ ነው። ቀን ቀን የምትተኛው ቢሪቦ ደረት ላይ ነው።

«ሕፃኗስ?» አለችው።

«ምን ሆነች?»

«ደረትህ ላይ ነው የምትተኛው።»

ቢሪቦ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «ቀናተኛ ነሽ። ጭፈራ ስለማትችዪ ነው።»

«አዎ፣ አልችልም» አለች ሮቲያ። «ጤና ጣቢያ መሄዴ ነው። አብረኸኝ ከሄድክ አንተው ትነግራቸዋለህ። ካልሄድክ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ከሄድሽ ወንድም አለኝ እንዳትዪ!»

ሮቲያ አስፋልቱ ዳር ወጥታ ለሚኒባሱ እጇን ዘረጋች። የመጀመሪያው ሞልቶ አለፈ። ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ሁለተኛው ሲቆም ረዳቱ «ቶሎ በይ እንጂ የኔ እመቤት፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አላት። ሰው ሳቀ። ገባች። መንገዱን ሙሉ የካርዱን ጫፍ ስታጥፍና ስትዘረጋ በእጇ ላብ አራሰችው።

ሲስተር ካቶኪታ በሩን ሊቆልፉ ቁልፍ ይዘው ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። «አመጣሽ? ሁሉም ሞልቷል?»

«ሞልቷል» አለች ሮቲያ። ካርዱን ግን አልለቀቀችውም። «ግን ሁሉም እውነት አይደለም፣ ሲስተር።»

ነርሷ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው በሩን መልሰው ከፈቱ። አስገብተው አስቀመጧት። ቁጣ ስትጠብቅ እስክሪብቶ ሰጧት።

«እውነቱ እስከ የትኛው ቀን ድረስ ነው?»

አንገትጌው ለመጨረሻ ጊዜ ያስቸገራት መቼ ነበር? ሮቲያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያን የማጠቢያ ቀን አስታወሰች። ከዚያ በገዛ እጇ ካደረገቻቸው ምልክቶች ላይ፣ ከመጨረሻው ጀምራ ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች።