የተጣሉት ሁለት ነገሥታት

ማርላ ዱዴክ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ በፖከር የምትተዳደር ሴት ነበረች። ይህን የሚሰማ ሰው የሚያብረቀርቅ ቀሚስና ሻምፓኝ ይታየዋል። የእሷ ኑሮ ግን ከባንክ ጸሐፊ ኑሮ አይለይም። ጠዋት ለአባቷ የሳንባ መድኃኒታቸውን ሰጥታ ትወጣለች፤ መሃል ከተማ ካለ አንድ አሮጌ ካዚኖ ገብታ በጥሬ ገንዘብ ከሚጫወቱበት ጠረጴዛ ትቀመጣለች፤ የቸኮለውንና የሰከረውን ቱሪስት ቀስ እያለች ትለቅማለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ናት።

ሮይስ ቲልማን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አንድ የግንቦት ቀን ነው። ከአማሪሎ፣ ቴክሳስ የመጣ ጣራ ሠሪ ነበር፤ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ዓይኑ ግን ገና ልጅ። በዚያው ጠዋት ከአንድ የፖከር ውድድር ተሸንፎ ወጥቶ ንዴቱ አልበረደለትም። ካርታ በታደለ ቁጥር ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ይገፋል። ሰዎቹም እየፈሩ ካርታቸውን ጥለው ይተዉለታል። ማርላ ጠበቀች። ጥሩ ካርታ ሲደርሳት ያስያዘውን ያህል አስይዛ ተከተለችው፤ ሙልጭ አድርጋ ወሰደችበት።

ሮይስ ባዶውን ቦታ አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። ሳቀ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ቸኮልክ።»

«ውድድር ላይ እንዲህ ነው የምንጫወተው።»

«እዚህ ማን አሳደደህ? ውድድር ላይ በየተራ የምናስይዘው የግዴታ መደብ እየጨመረ ስለሚሄድ ቁጭ ብለህ ከጠበቅህ ያልቅብሃል። ስለዚህ ትሰርቃለህ፣ ታስፈራራለህ። እዚህ መደቡ ጠዋትም ማታም ያው ነው። እኔ እስከ ገና ልጠብቅህ እችላለሁ።»

«እስከ ገናማ አትጠብቂኝ፤ ምሳ ልጋብዝሽ።»

«በምን ገንዘብ?»

ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዱ። ምሳውን የከፈለችው ማርላ ናት።

ከዚያ በኋላ ሮይስ ወደ አማሪሎ አልተመለሰም። ቀን ጣራ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ከማርላ ጋር ከከተማው ውጭ ወዳለው የቀይ ድንጋይ ተራራ ይወጣሉ። ከመኪናው ኮፈን ላይ ካርታ ዘርግተው ይከራከራሉ። እሷ መታገሥን ታስተምረዋለች፤ የሰው ገንዘብ ብዙ ሲሆን እንዴት በቀስታ ከእጁ እንደሚያወጡት፣ ጠረጴዛው ሲከፋ እንዴት ተነስተው እንደሚሄዱ። እሱ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ነፍስ መዝራትን ያስተምራታል።

«የአንቺ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይላታል። «ብትሸነፊ ከኪስሽ አውጥተሽ ትቀጥያለሽ። እኛ ጋ አንዴ ከወጣሽ ወጣሽ ነው። ትንፋሽሽ ቀጥ የምትልባት አንዲት እጅ፣ አንዲት የካርታ ዙር አለች። እሷን ነው የምወደው።»

«ለእኔ አንድ እጅ ምንም አይደለም። የዓመቱን ነው የማየው።»

ሮይስ ያያታል። እሷም ታየዋለች። ካርታዎቹ በንፋሱ አንድ በአንድ ወደ አሸዋው ይበራሉ፤ ማንም አያነሳቸውም።

አባቷ ስታን ዱዴክ ዕድሜያቸውን ሙሉ በካዚኖ ካርታ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩ አልጣማቸውም።

«ልጄ፣ የውድድር ሰው ባል አይሆንም» አሏት። «ዓመቱን ሙሉ ይሸነፍና አንድ ቀን ያሸንፋል። ያቺን ቀን ስትጠብቂ ታረጂያለሽ።»

«እኔ መጠበቅ እችልበታለሁ።»

እንቅፋቱ ግን ከአባትየው አልነበረም። ሮይስ ራሱ አሁን አንጋባም አለ። «ሚስቱ የምታበላው ከመባል አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ላሸንፍ። ከዚያ በማግስቱ እንጋባለን።»

«የእኔ የአንተ አይደለም እንዴ?»

 ሮይስ እጇን ይዞ መዳፏን ሳመው።

በቀጣዩ በጋ ትልቁ ውድድር መጣ። ሁለቱም ገቡ። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየተንጠባጠበ ወጥቶ ጥቂት ጠረጴዛ ሲቀር፣ ዕጣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጣላቸው። ሮይስ ሊያልቅበት ደርሶ ነበር። ማርላ ፊት ግን የመጫወቻ ሳንቲሞቹ ክምር እንደ ግንብ ቆሟል።

ሮይስ የቀረችውን ገፋ። ሁሉም እየጣሉ መጡ፤ የመጨረሻዋ፣ ተራው ደርሷት የግዴታ መደብ አስቀድማ ያስያዘችው ማርላ ሆነች። የካርታዋን ጫፍ ቀና አድርጋ አየች፤ ሁለት ንጉሥ፣ ከሁለት አስ በቀር የሚበልጠው የለም።

ቀና ብላ አየችው። አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ትመታለች። ምንም እንዳልያዘ ገባት፤ ዓመት ሙሉ ያየችው ፊት ነው። በእሷ ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ እጁን ከገንዘቡ ሳያነሳ ትከተለው ነበር። ግን አንገቱን ደፍቶ ወደ አማሪሎ ሲመለስ ታያት፤ ሠርጉ ደግሞ አንድ ዓመት ሲገፋ ታያት። ‘አንድ እጅ ናት’ አለች በልቧ። ካርታዋን ሳትገልጥ ጣለችው።

ሮይስ ተነፈሰ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ሌላ ሰው ሆነ፤ የነካው ሁሉ ሰመረለት። ማርላ ቀድማው ወጣች፤ እሱ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በሽልማቱ የእናቱን ቤት ከባንክ ዕዳ ነፃ አወጣ፤ ለማርላ ቀለበት ገዛ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ሮይስ ያችን ጨዋታ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። «ስምንትና አራት ብቻ ይዤ! ይቺን ልበ ድንጋይ አስፈራኋት!» ማርላ አብራ ትስቃለች። መጀመሪያ ሳቁ ከልቧ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነባት።

ከሠርጉ በፊት በነበረው እሑድ አባቷ ቤት ምሳ እየበሉ ሮይስ ታሪኩን ደገመው። ስታን ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ቀርቶህ ነበር?»

«ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ተአምር ነው እኮ ሚስተር ዱዴክ!»

«እሷ የግዴታ መደቧን አስቀድማ አስይዛለች፤ የምትጨምረው ምናምኒት ነው። በዚያ ዋጋ እኮ ማንኛውንም ካርታ ይዛ ትከተልሃለች። የእኔን ልጅ በእንዲህ ያለ ነገር ማንም አስፈራርቷት አያውቅም።»

 ይህን ሮይስም ያውቅ ነበር፤ ማወቅ አልፈለገም እንጂ። ዞር ብሎ አያት።

«ማርላ፣ ምን ነበር የያዝሽው?»

ሌላውን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየች መዋሸት ትችል ነበር፤ እሱን ግን አልቻለችም።

«ሁለት ንጉሥ።»

ሮይስ ተነስቶ ወጣ። ተከትላው ስትወጣ ከበረንዳው ላይ፣ በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ቆሞ አገኘችው።

«ለምን?»

«እንዳትወጣ ብዬ።»

«መውጣት ነበረብኛ! ጨዋታው እሱ ነው!»

«አንድ እጅ ናት፣ ሮይስ።»

«ለአንቺ! ለእኔ ያለኝ ሁሉ እሷ ነበረች። ሳወራ፣ ስፎክር፣ አጠገቤ ቆመሽ ሳቅሽልኝ።»

«ስለምወድህ ነው።»

«እንዲህ የሚወደደው ሕፃን ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞ ከእኔ በታች የወጡት ሰዎችስ? የእነሱን እኮ ነው የበላነው። እናቴ የምትተኛው በእነሱ ገንዘብ ነው።»

ማርላ ይህን አላሰበችውም ነበር። 

ሮይስ አልሰደባትም፤ ቀለበቱንም አልጠየቃትም። «አንድ ጊዜ በንጹሕ ላሸንፍና እመጣለሁ» ብሏት ሄደ። ከሚሲሲፒ ይደውላል፤ ከአትላንቲክ ሲቲ ይደውላል። ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ይደግምላታል፤ እሷም «እሺ» ትለዋለች። ገንዘቡ በውድድር መግቢያ ክፍያ አለቀ። ቀስ በቀስ ስልኩ ራቀ፤ በመጨረሻም ቀረ። ወደ ጣራ ሥራው ተመልሶ አንዲት ነርስ ማግባቱን የነገራት ወንድሙ ነው። ቀለበቱን ያን ቀን አወለቀች። የሚጠይቃት ወንድ አልጠፋም ነበር፤ እሷ ግን አልሆነላትም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስታን ዱዴክ ሲያርፉ ሮይስ ለቀብር መጣ። ሥርዓቱ አልቆ ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲገባ፣ ፒክአፑ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ልጅ አለችህ አሉ» አለችው ማርላ።

«ፈረስ አይቼ አልጠግብ ያለች ጉደኛ» አለ ፈገግ ብሎ።

«አሸነፍክ?»

«አንድም ቀን።»

 ሮይስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ማርላ፣ ያቺ ጨዋታ አሁን ብትደገም ትከተዪኝ ነበር?»

አዎ ብትለው ሸክሙ እንደሚቀልለት አውቃለች። ብትዋሽም ፊቷ አይከዳትም ነበር።

«አልከተልህም። ንጉሦቹን እጥላቸው ነበር።»

ሮይስ ረጅም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«አውቃለሁ። መመለስ ያቃተኝም ለዚህ ነው።»

ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ለቀቃትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከአዳራሹ በር ላይ አንዲት ጎረቤት ተጣራች፤ «ማርላዬ፣ ሰዎቹ ሊሄዱ ነው፤ ነይ ተሰናበቻቸው!»

«መጣሁ» አለች ማርላ።

ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።