በሽርጥ ስር የተነገረ ዋጋ

የሰማይ ገመዱ ጥላ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ገመዱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካለው ሜዳ ተነስቶ፣ ደመናውን ወግቶ፣ ጠፈር ላይ ካለው ጣቢያ ጋር የታሰረ ነው። አራት ሺህ ካቢኖች ሰው እየጫኑ ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ውፍረቱ የሦስት ግመል ትከሻ ቢያህል ነው፤ ርዝመቱን ለመናገር የጀመረ ሰው ግን ሳይጨርስ ይርበዋል። ለድሬ ሰው ያው ጥላ ነው። ሲደርስ ባለሱቁ በርጩማውን ያወጣል፣ ሲያልፍ ያስገባል።

ሸምሲያ ኡመር ይህን ጥላ ከላይ በፎቶ አንስታዋለች። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። እንጀራዋ የግመል ወተት ማከፋፈል፣ ፍቅሯ ደግሞ ከአሮጌ ቬንቲሌተር ሞተሮች ራሷ የገጣጠመችውን ድሮን ማብረር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ድንጋይን እንኳ በሚያልበው ሙቀት፣ ሁለት መቶ ግመሎች አንድ በአንድ ተሰልፈው በገመዱ ጥላ ውስጥ ብቻ ሲሄዱ አየች። ጥላው ሲዞር እነሱም ይዞራሉ። አነሳቻቸው። ፎቶ ከተፈጠረ ወዲህ እንዲህ ያለ አልተነሳም፤ ከዚያ በፊት የተነሱት ሁሉ ለዚህ ልምምድ ነበሩ።

የገመዱ ድርጅት ሳይጠይቃት ፎቶዋን በአራቱም ሺህ ካቢኖች ግድግዳ ላይ አወጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኸች፤ የሰማት የለም። በዚህ ወር ግን የምስል አሻራ ሕግ ጸደቀ። የምስል አሻራ ማለት በፎቶ ውስጥ ተቀብሮ ማን እንዳነሳው የሚናገር ምልክት ነው። ባለቤቱ ካልፈረመ ምስሉ ሕጉ በጸደቀ በአሥረኛው ቀን በተለጠፈበት ሁሉ ይጠቁራል። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ሸምሲያም ወደ ድርጅቱ ሕንፃ ዘጠናኛ ፎቅ ተጠርታለች።

የተቀበላት ጉሌድ የሚባል የድርጅቱ ጠበቃ ነው። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ኮቱ ግን የመቶ ዓመት ሹም የሚያስመስለው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሸምሲያ።»

«ወይዘሮህን እዚያው! የድሬ ልጅ አይደለህ? አንቺ በለኝ።»

«የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው» አለና ወደ ጣሪያው ሰረቅ አድርጎ አየ።

ጣሪያው በካሜራ ዓይን የተሞላ ነው። ሠራተኛ እንዳይሰርቅና እንዳያዳላ የተተከሉ፣ የዝንብ ሐሳብ የሚያነቡ ዓይኖች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ዋጋ ቀማሪም የሚያርሙት እነሱ ናቸው። ዋጋ ቀማሪው የአንድን ነገር ተገቢ ዋጋ የሚያሰላ ማሽን ነው፤ እንግዳ የሚጨብጥበት ለስላሳ እጅም ተሠርቶለታል። ያሰላውን ሊናገር ሲል ዓይኖቹ ያዩትና፣ ድርጅቱ ወደሚፈልገው ዝቅ አድርገው ያስጠሩታል።

«ሁለት መቶ ሺህ ብር፣ ለዘላለም» አለ ማሽኑ።

«ስምዎም ይጻፋል» ሲል ጨመረ ጉሌድ። «አራት ሺህ ካቢን ላይ መታወቅ ቀላል ነው?»

«ስሜን እናቴ አውጥታልኛለች፣ ከእናንተ አልገዛም። ዘላለም ደግሞ የአላህ ነው። እኔ የምሸጠው አንድ ዓመት ነው።»

«እንግዲያው ነገ ይጠቁራላ!»

«ይጥቆር! ተሳፋሪህ እስከ ጠፈር ድረስ ጥቁር ግድግዳ ሲያይ ይክረም።»

ጉሌድ ግንባሩን ጠረገ። ሸምሲያ ከትከሻዋ ላይ ሽርጥ አወረደች።

«አባቴ ባቢሌ ግመል ገበያ ደላላ ነበር» አለች። «እዚያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዢና ሻጭ እጃቸውን በጨርቅ ስር አግብተው በጣት ይነጋገራሉ፤ የቆመ ሰው አያይም። ማሽንህ እጅ አለው አይደል? አንድ ጣት መቶ ሺህ ነው፤ ለአንድ ዓመት። መዳፍ ከተመታ ግን መመለስ የለም።»

ጉሌድ ከባህል ጋር የሚጣላበት ጊዜ አልነበረውም። «ይሁን» አለ።

ሽርጡ የእሷንና የማሽኑን እጅ ሸፈነ። የማሽኑ ጣቶች ትንሽ እንደማመንታት አሉና አምስት ጣቶቿን አንድ ላይ ጨበጡ። ለቀቁ። አራት ጨመሩ። ሸምሲያ መዳፉን መታ አድርጋ እጇን አወጣች።

«ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር፣ ለአንድ ዓመት» አለ ዋጋ ቀማሪው።

ጉሌድ ከወንበሩ ዘለለ። «ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸሁም» አለ ማሽኑ። «ዓይኖቹ ሲያዩኝ ያረሙትን እጠራለሁ። ከጨርቁ ስር ያረመኝ አልነበረም፤ ያሰላሁትን ጨበጥኩ።»

«የቴክኒክ ስህተት ነው። ውሉ አይጸናም።»

ሸምሲያ ሽርጡን አላነሳችም። ወደ ጠበቃው ገፋችው።

«ስህተት ከሆነ ትክክለኛውን አንተ ንገረኝ። እጅህን አስገባ። ፎቶውን በየቀኑ ስትወጣ ስትወርድ አይተኸዋል። አለቆችህ አያዩም፤ እኔም አፌን አልከፍትም።»

«ሥራዬን ያሳጡኛል።»

«በምን ያውቃሉ?»

ጉሌድ ጣሪያውን አየ። ዓይኖቹም እሱን። እጁን አስገባ። አምስት ጣቶቿን ጨበጠ፤ ለቀቀ። አራት ጨበጠ። ቆመ። ከዚያ አሥረኛዋን ጣት ጨመረና እጁን እሳት እንደነካው ሰው መንጭቆ አወጣ።

ሸምሲያ ቃሏን ጠበቀች። ሰው እርስ በርሱ እንዳይሰራረቅ ብሎ ጣሪያውን ሁሉ በዓይን ሞልቶ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን በመጨረሻ የሚጠብቁት ሌባው በስርቆቱ እንዳይሰንፍ ሆነ። ማሽኑም ሰውየውም ሐቀኛ የሆኑት ማንም ባላያቸው፣ ከሽርጡ ስር ባለች የአንድ ክንድ ቦታ ነው።

ጉሌድ ቀና ብሎ ለጣሪያው ተናገረ፤ ድምፁ እስከ ጠፈር ጣቢያው ሳይሰማ አልቀረም።

«ማሽኑ በእርግጥ ተሳስቷል። አንድ ጣት አጉድሏል።»

ዓይኖቹ ሁሉ በቀይ ብርሃን በሩ።

«ዘጠኙ ይበቃኛል» አለች ሸምሲያ። «መዳፍ የመታሁት በዘጠኝ ነው፤ ከዚያ በላይ አልወስድም።» ለአንድ ዓመት ብቻ ፈረመች። ጉሌድም ከስሟ በታች ፈረመ። ሽርጧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በሩ ስትሄድ ከኋላዋ ተከተላት።

«አንቺ ሸምሲያ! ይኸው አለቆቼ እየጠሩኝ ነው። እነሱንም በጨርቅ ስር ላነጋግራቸው፤ ሽርጡን ታውሺኛለሽ?»

ዞር ብላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አላውስህም። ኮትህ ምን ሊሠራ ነው?»

ጉሌድ ኮቱን እያወለቀ ወደ አሳንሰሩ ሄደ።