የቀጨሞ ሰፈር ችካሎች

ዓለምነው ለመንገድ ማስፋፊያ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ነው። ቀጨሞ ሰፈርም ሬሳው ሳይነሳ መናደድ ጀመረ። ቦዩ ከመስቀል በፊት ተቆፍሮ እስከ ጥር ክዳን አላየም። ላም ገብታበታለች፣ ባጃጅ ገብቶበታል፤ አሁን ደግሞ የሰፈሩ የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ራሱ ገባበት።

«ልማት ገደለው! ሂዱና እንኳን ደስ ያላችሁ በሏቸው!» እያለ ይጮህ የነበረው ሀብታሙ ነው። ሀብታሙ ከቦዩ ማዶ ባለ አራት ፎቅ ያስጀመረ ነጋዴ ሲሆን፣ ከሟች ጋር በአጥር ጉዳይ ሲነታረክ የከረመ ሰው ነው።

ኢንስፔክተር ጸዳለ ከሳጅን ብርሃኑ ጋር ስትደርስ ሰዉ ገና እየጮኸ ነበር። ጸዳለ የእብናት ልጅ ናት፤ አጠር ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ስትናደድ ድምጿ የሚወርድ ሴት ናት። ቦዩ ውስጥ ወረደችና ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ብርሃኑ፣ ግንባሩን እየው።»

«አፈር ብቻ ነው። ቁስል የለውም።»

«ማጅራቱስ?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ። «ተፈንክቷል።»

«በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱን ማን መታው? ቦዩ ጥፋት አለበት፤ ይሄን ግን ቦዩ አላደረገውም።» የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳች። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል፤ አንደኛው ላይ ጥርስ የሰነጠቀው የሚመስል ቁስል አለ። ከጎኑ ደግሞ ግንበኞች መስመር የሚያወጡበት ረጅም ሲባጎ ተዝረክርኮ ወድቋል።

በዚህ መሀል ሰዉ ግራና ቀኝ ከፈል ብሎ መንገድ ለቀቀ። የእድሩ ዳኛ አያ በላይነህ መጡ፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል። እንዲህ አፉን ሸፍኖ ለሚመጣ ሰው ቀጨሞ ሰፈር መንገድ መልቀቅ ያውቅበታል።

«ከገጠሩ ደብር ቆርቤ መመለሴ ነው» አሉ ከነጠላው ውስጥ በታፈነ ድምፅ። «ምን ጉድ ነው የምሰማው? ዓለምነው? እግዚኦ!»

ሰዉ ቁጣውን ትንሽ አበረደ። አያ በላይነህ ሲናገሩ ማንም ቃል አይጨምርም፤ የሰፈሩ ጥል ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚበርደው።

ጸዳለ መጀመሪያ የሄደችው ከሟች ቤት ነው። ባለቤቱ ጥሩወርቅ ከሴቶች መሀል ተቀምጣ ደረቷን ይዛለች።

«ማለዳ ለምን ወጣ እህቴ?»

«‹አንድ ነገር ሳላጣራ ሰኞ አይመጣም› አለኝ። ሲባጎ ይዞ ወጣ። ምንድን ነው ብለው አይናገርም፤ ያላረጋገጠውን የማይናገር ሰው ነበር።»

«ማንን ጠረጠርሽ?»

«ማንን ልተው? ትናንት አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር የጮኸበት!» አለች ጥሩወርቅ፤ ከእንባዋ ይልቅ ንዴቷ ይበልጥ ነበር።

እውነቷን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓለምነው አዲሱን ደንብ በቀበሌው አዳራሽ አንብቦ ነበር። በከተማ ክልል ከብት ማርባት ይቀራል፣ የቆርቆሮ አጥር ይነሳል፣ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባል፣ ከመንገዱ ክልል የገባ ቤት ሰኞ ጠዋት ይፈርሳል። አንዲት እናት ተነስተው «መንገዱ ይምጣልን፤ ክረምት ምጥ የያዛትን ልጄን በቃሬዛ ነው ያወጣናት» ሲሉ ተጨበጨበ። «የምን ቀለም ነው? ግድግዳው ሳይኖረኝ!» ያለም ነበር፤ ለእሱም ተጨበጨበ። መንገድ የጠላ በአዳራሹ አልነበረም። ያንገበገባቸው ሳይጠየቁ መታዘዛቸው ነው፤ ያን ለማለት ደግሞ ያገኙት ዓለምነውን ብቻ ስለነበር ሁሉም በእሱ ላይ ወረዱበት። ሀብታሙ «ከፎቄ ፊት መሬት አስለቅቀህ ማንን ልታበላ ነው?» አለው። ማሬ ደግሞ ተንበርክካ «ቤቴን እንዳፈረስክ ቤትህ ይፍረስ! ሰኞን አትይ!» ብላ ረገመችው። ይሄው ሰኞን አላየም። አሁን የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ማሬ ላይ ነው።

ማሬ ባሏ የሞተባት፣ ላሞች አርብታ ወተት በመሸጥ ልጆቿን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃች ሴት ናት። ቤቷ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ጸዳለ በረቱ በር ላይ አገኘቻት።

«እትዬ ማሬ፣ ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ላሞቼን አልብ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ላሞቹን ጠይቂያቸው! ረግሜዋለሁ፣ አልክድም። አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም። ነገ ቤቴን ሊንዱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ልሁንላችሁ?» ጮኸች፤ ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «እሰሪኝ ካልሽ እሰሪኝ። ላሞቼን ማን እንደሚያልብ ግን ንገሪኝ።»

ጸዳለ አፏን አተኩራ አየች። ንዴት ካንቀጠቀጠው በቀር ከንፈሯ ጤነኛ ነው።

ሀብታሙ በበኩሉ ማለዳውን ኮንክሪት ውሃ ሲያጠጣ እንደነበር ተናገረ። «ዘበኛው አብሮኝ ነበር። ደግሞስ መሬቱን አንዴ ለቅቄያለሁ፤ ሰውየውን ብገድለው ይመለስልኛል? ስናደድ እጮሃለሁ እንጂ ሰው አልገድልም፤ ሰፈሩን ጠይቂ።» እሱም ፊቱ ላይ ጭረት የለበትም።

አያ በላይነህ ከአጥራቸው ሥር፣ ከድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው ነበር። ቤታቸው ከማሬ ቤት ትይዩ ነው፤ መንገዱ በመሀላቸው ያልፋል።

«በዚህ ደንብ ላይ እርስዎ ምን ይላሉ አያ?» አለች ጸዳለ። «ትናንት ዝም ብለው ነበር አሉ።»

«እኔ ማስታረቅ ነው ሥራዬ።»

«ቤትዎ ግን ለጥቂት ተርፏል። የመንገዱ ችካል ትንሽ ወደዚህ ቢል ኖሮ ይሄ ሁሉ የአባትዎ ግቢ መንገድ ይሆን ነበር፤ አይደለም?»

የሽማግሌው ዓይን ተለወጠ። «አባቴ በጉልበቱ ያቀናውን ግቢ? ትናንት የመጣ ሁሉ በእንጨት እየወጋ ይሄ የመንገድ፣ ይሄ የመንግሥት እያለ ሊያከፋፍለው? ደንብ ይሉታል! እንዲህ ያለውን ደንብ...» ፊታቸውን መለስ አድርገው ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉና፣ እንትፍ! አሉ። ወዲያው መልሰው ተከናነቡ።

ጸዳለ ድንጋዩ ላይ ያረፈውን ምራቅ አየች። ቀልቷል። አመስግና ሄደች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ጫፍ ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። የመንገዱን መሀል የሚያመለክቱት ችካሎች እስከ ላይ ድረስ ተከታትለው ቆመዋል። ከዚያ ሬሳው አጠገብ የነበረውን ሲባጎ ከብርሃኑ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው ከችካል ወደ ችካል ወጠሩት። ጸዳለ ሲባጎውን በዓይኗ ተከተለችው። «ዓለምነውን ያስወጣው ይሄ ነው» አለች በዝግታ።

ሰኞ ጠዋት ዶዘሩ መጣ። ማሬ በሯ ላይ ተዘርግታ ተቀምጣለች፤ ላሞቿ በግርግሩ ደንብረው ይጮሃሉ። ከከተማው ልማቱን ሊያስፈጽም የመጣው ዳኛቸው «እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ይላል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ «አታፈርሷትም!» ይላል፣ ግማሹ «ነፍሰ ገዳይ ናት፣ ይፍረስባት!» ይላል። አያ በላይነህ፣ ዛሬ ደግሞ ለለቅሶው በሚል፣ ነጠላቸውን እንደ ትናንቱ ተከናንበው ከሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል።

ጸዳለ ከዶዘሩ ፊት ቆመች። «ሞተሩን አጥፋው» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሾፌሩ ግን አጠፋው።

«ዓለምነውን የገደለው ሰው እዚህ አለ። ነገሩን በተራ ልንገራችሁ፤ ስጨርስ ትጮሃላችሁ። ዓለምነው ሲመታ አብሮ ተማትቷል። የጣቱ አንጓ የሰው ጥርስ አግኝቶታል። ስለዚህ ገዳዩ አፉ ላይ ቁስል አለበት። የእትዬ ማሬን አፍ አይቻለሁ፣ የአቶ ሀብታሙንም አይቻለሁ። ያላየሁት የአንድ ሰው አፍ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዳኛቸው ብቻ ነው ያልገባው።

«አንድ ሰው አፉን ሸፍኖ በሰፈር መሀል ቢያልፍ ‹ምን ሆነሃል?› ይባላል። የቆረበ ከሆነ ግን የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም መንገድ ይለቀቅለታል። ገዳዩ የተሰነጠቀ ከንፈሩን የሚሸሽግበት ሌላ መላ አልነበረውም። በሰፈሩ ደብር ቆረብኩ እንዳይል ቄሶቹ ያውቁታል፤ ስለዚህ የገጠር ደብር አለ። እኔም አመንኩት። ግን ትናንት ስለ ግቢው ጠየቅኩትና ተናደደ። ተናዶም ምራቁን ተፋ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዲቷ «እግዚኦ!» አለች። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንደማይተፋ በቀጨሞ ሰፈር ለሕፃን እንኳ አይነገርም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው።

«ሐሰት ነው!» አሉ አያ በላይነህ። «ሽማግሌ ታዋርጂያለሽ? ስለምን ብዬ ልገድለው?»

«ስለ ችካሉ አያ። ትናንት ሲባጎውን ስንወጥር ሁሉም ችካል መስመሩ ላይ ነው፤ ከእርስዎ ደጅ መቆም የነበረበት ብቻ ወደ እትዬ ማሬ ደጅ ሸሽቷል። ዓለምነው ችካሎቹ ሲተከሉ አብሮ ነበር። ቅዳሜ እሷ ስትረግመው የእሷ ቤት ከክልሉ ውጭ እንደነበር ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ስለዚህ ማለዳ ሊያጣራ ወጣ። ሲባጎው ከእርስዎ ድንጋይ ክምር ላይ አደረሰው። ብርሃኑ፣ ክምሩን አንሳው።»

ሳጅኑና ሁለት ሰዎች ድንጋዩን ገለበጡ። ከሥሩ ያለው አፈር የላላ ነበር። ብርሃኑ እጁን ሰዶ የእንጨት ሹል አወጣ፤ ችካል ሲነቀል ተሰብሮ የቀረ ጫፍ ነው። ጸዳለ ማሬ ደጅ ያለውን ችካል ራሷ ነቀለችው። ጫፍ የለውም። ሁለቱን ገጠመቻቸው፤ ገጠሙ።

ያን ጊዜ ሀብታሙ ተራመደና የአያ በላይነህን ነጠላ ከአፋቸው ላይ ገፈፈ። ከንፈራቸው አብጦ ተሰንጥቋል።

«አዎ፣ ነቀልኩት!» ብለው ጮኹ፤ ያ የማስታረቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «የአባቴ ግቢ ነው! ሲባጎውን ይዞ ከደጄ ደረሰ። ለምኜው ነበር! ‹አያ፣ የሴትየዋን ቤት ዝም ብዬ አላስፈርስም› አለኝ። ያዝኩት፣ መታኝ። ሊሄድ ዞር ሲል ድንጋይ የምጠርብበት መዶሻ በእጄ ነበር፤ በአፍጢሙ ቦዩ ውስጥ ተደፋ። እኔን፣ የሰፈሩን ዳኛ፣ ለአንዲት ላም ጠባቂ ብሎ!»

«በቁርባን ዋሸ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። በደም ማፍሰሳቸው እንኳ ሰዉ ይህን ያህል አልጮኸም። ብርሃኑ በመሀል ባይገባ ኖሮ እዚያው በቆሙበት ይቀጠቅጧቸው ነበር። ካቴና ገብቶባቸው ሲወሰዱ አንድም ሰው መንገድ አልለቀቀላቸውም፤ እየተጋፉ ነው ያለፉት።

ዳኛቸው የማሬን ግድግዳ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቱ አይፈርስም፤ እኔው ራሴ አመለክታለሁ። የከብቱ ደንብ ግን እንዳለ ነው እናቴ።»

ማሬ አልሰማችውም። ጸዳለን እጇን ይዛ «ለኔ ቤት ብሎ ነው? እኔ የረገምኩት ሰውየ ለኔ ቤት ብሎ ነው የሞተ?» አለች።

«አዎ» አለች ጸዳለ።

ማሬ ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየቻት።

«ቅዳሜ ማታ እራቱን ሳይበላ ነው ያደረው» አለቻት። «በማን ነገር ሲብሰለሰል እንዳደረ አሁን ነገሩኝ። አንቺ ረግመሽው ስትተኚ፣ እሱ ባንቺ ቤት ሲገላበጥ አደረ።»

«እህቴ፣ እኔ ምን...»

«ዝም በይ። ግቢና ተቀመጪ። ግን እንዳታለቅሺ፤ ያንቺን እንባ ዛሬ አልችለውም።»

ማሬ ገባች። ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ድምፅ አላሰማችም።