የደፈረሰው ኢንሱሊን

ፕሮፌሰር ኢሬን በሴገድ ከተማ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ምርመራው ስኳራቸው ከልክ በላይ አሻቅቦ እንደገደላቸው አሳየ፤ መርፌያቸውን ግን አንድም ቀን አላቋረጡም።

መርማሪ ሻሮልታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ወተቱ ደህና ነው። የኢንሱሊን ብልቃጦቹ ግን ሁሉም ደፍርሰዋል።

ያንን ቤት የሚረግጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ባርናባሽ አክስቱን ፔች ከተማ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ሊያኖራቸው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያዘጋጀላቸውን ክፍል ፎቶ እንዳሳያቸውና መጋረጃውን እንደወደዱት ተናገረ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኤቴልካ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሙቀት እንዳይነካው በጋ በጋ በበረዶ ይዘውት ይመጡ ነበር። ሦስተኛው የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ቲቦር ነው።

«ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው» አላት። «እንደ ክር ተሠርቶ ራሱን በራሱ ያጣጥፍና ቅርጽ ይይዛል። የሚያድነው ያ ቅርጽ ነው። ካሞቁት ይፈታል፣ እርስ በርሱ ይተበተባል። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም አይደል?»

«ፕሮፌሰሯ ይህን አያውቁም ነበር?»

«ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት እሱን ነው። ብልቃጡን አንዴ ቢያዩት ይጥሉት ነበር። በቅርቡ እንኳ ጽሑፌን እንዲያርሙልኝ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ሻሮልታ ሦስቱንም በሟች ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ማቀዝቀዣው አልተበላሸም፤ ቢበላሽ ወተቱ ይመሰክር ነበር። ብልቃጦቹን አውጥቶ፣ አሙቆ የመለሰ ሰው አለ። ፕሮፌሰሯ መደፍረሱን ያላዩት ዓይናቸው ስለጠፋ ነው፤ ይህንንም ከሰው ደብቀውት ነበር። መጠኑን የሚለኩት በዓይን ሳይሆን የመርፌውን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየቆጠሩ ነበር። ባርናባሽ ፎቶ ሲያሳያቸው፣ ዶክተሩ ጽሑፍ ሲሰጣቸው፣ ያያሉ ብለው ነው። ያያሉ ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይሞክርም።» ወደ ኤቴልካ ዞረች። «ከዚህ ቤት በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ሰዎች በየማለዳው ጋዜጣ የሚያነብ ድምፅ ይሰሙ ነበር። ድምፁ የእርስዎ ነው።»

ባርናባሽ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኤቴልካ ግን አላስተባበሉም።

«ትንሽ ብትታመም ጉዞው ይቀራል ብዬ ነው» አሉ። «እሷ ከሄደች እኔ ለማን ነው የማነበው?»

«ፕሮፌሰሯ ሲደክሙ እያዩ ሐኪም ለምን አልጠሩም?»



«እጄን ይዛ አትሂጂ ትለኝ ነበር» አሉ ኤቴልካ። «ከስንት ዓመት በኋላ አትሂጂ የሚለኝ ሰው አገኘሁ።»