የሙስዐብ ሙጫ

ሙስዐብን ያወቅኩት ከቤታችን ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲልጥ ነው። አባቴ ግድግዳውን ሊያስለስን መሆኑን ሰምቶ፣ እርጥብ ጨርቅና ስስ ቢላዋ ይዞ መጣ። አክስቴ ድሮ ለጌጥ የለጠፈችውን የሬዲዮ ማስታወቂያ ፈልጎ ነው።

«ምን ሊሠራልህ?» አልኩት።

«አውቶቡሴ ውስጥ ልሰቅለው።»

«አውቶቡስህ ይሄዳል?»

«እሱ አይሄድም፤ ሰው ነው የሚሄድለት።»

ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። አየኝ፤ ዓይኑንም ቶሎ አልመለሰም።

አውቶቡሱ የሟች አባቱ ነበር። ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ ገበያተኛ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ሞተሩ ሲያበቃለት ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሙስዐብ ዝገቱን ፍቆ ቀለም ቀባው። ወንበሮቹን ነቅሎ ጎንና ጎኑን በጣውላ አለበሰው። ከየቤቱ የሰበሰበውን የድሮ የሳሙና፣ የፋኖስ፣ የጎማ ማስታወቂያ መንገደኛ ከፍሎ እንዲያየው እዚያ ላይ ይለጥፋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መጣመም አለመጣመሙን እነግረዋለሁ።

«ወደ ግራ። ኧረ ወደ ግራ!»

«የማን ግራ? ያንቺ ነው የኔ?»

«ገና ሳታገባኝ ተካፈልን?»

ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እሱንም አስጠራው።

«ሰው የሳሙና ወረቀት ለማየት ይከፍላል?»

«ይከፍላል፣ አባባ። የመንገደኛ መኪና ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«ብል እንዳይበላብህስ በምን ልትከላከል ነው?»

ሙስዐብ መሬት መሬት አየ። «በፀሐይ።»

«እንግዲህ ለኢድ ከፍተህ አሳየኝ። ያን የማሽላ መድኃኒት ግን ደጅህ ካየሁ ልጄን አታገኛትም።»

አጎቴ ጨፋ ሮቢት ማሳ ላይ ይህንኑ የተባይ መርዝ ሲረጭ ውሎ በዚያው የሞተ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱን ስም እንኳ አይጠራም።

ሙስዐብ ግን ዋሽቶ ነበር። ብል ብዙ ወረቀት ከፈጀበት በኋላ መድኃኒቱን ከዱቄት ሙጫው ጋር ማቡካት ጀምሮ ነበር፤ በባዶ እጁ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኢድ ሲቃረብ አቧራ ሙጫው ላይ እንዳያርፍ መስኮቶቹን ዘጋጋ፤ ከጧት እስከ ማታ እዚያው ዋለ።

ኢድ ሦስት ቀን ሲቀረው ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ላቡ ልብሱን አርሶታል፤ ምራቁ በአፉ ጥግ ይወርዳል። ጩኸቴን ሰምቶ የደረሰው አባቴ ነው። ተሸክሞት ወጣ፤ ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አስተኛው።

«ወባ ነው፣» ይላል እየደጋገመ። «አይዞህ ልጄ፣ ወባ ነው።»

ልጄ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ወባ የለበትም። ማሳ ይረጫል እንዴ? ፀረ ተባይ ነክቷል?»

አባቴ አጠገቤ ቆሟል። ዞሮ አየኝ። ሙስዐብም አልጋው ላይ ሆኖ ዓይኑን ገለጠ፤ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅኩት። ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

«አይረጭም፣» አልኩ። «ወረቀት ነው የሚለጥፈው።»

ሐኪሙ ጻፈው። ሌላ ሐኪም ጠራ፤ ለሌላ በሽታ መርፌ ታዘዘ። ከዐስር ሶላት በፊት ሙስዐብ ሞተ።

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፦ «ነክቷል»። አባቴ እሱን እንዳላገባ እንዳይከለክለኝ ብዬ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን እናቱን፣ እማ ዘሃራን፣ ከለቅሶተኛው መሀል ጠርቼ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ስለ ሙጫው ነገርኳት። ሐኪሙ የጠየቀኝን፣ እኔም የመለስኩትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እንድትጮህብኝ፣ እንድትመታኝ እፈልግ ነበር።

እሷ ሁለት እጄን ያዘች። ገለበጠቻቸው። መዳፌን፣ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየች።

«ኢንተላ ኮ፣» አለች በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ አንቺስ ነክተሻል?»

«አልነካሁም፣ እማ።»

«ምንም?»

«ምንም። ከበሩ አላሳልፍ ብሎኝ ነበር።»

እጄን ሳትለቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።